የጨዋ ልጅ ድርሻ

መምህርት ሶልያና ክፍል ስትገባ ማንም አይነሳላትም። መነሳት ከቀረ ቆይቷል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ልጆቹ ተነስተው እስኪቀመጡ የሚባክነውን ጊዜ አሰላና፣ ዓመቱን ሙሉ ቢደመር አንድ ምዕራፍ ሒሳብ እንደሚያስተምር አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እንደተቀመጡ ቀሩ። «እንደምን አደራችሁ» ማለትም በዚያው ሰሞን ቀረ። ስም መጥራትም እንዲሁ፤ ማን መጥቶ ማን እንደቀረ በሩ ያውቃል፣ ሰው ለምን ይድከም ተባለ። ሶልያና መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። እያደር ለመደችው።

በግራ እጇ ላይ የምታስራትን መሣሪያ መምህራኑ ሞግዚት ይሏታል። በመመሪያው ላይ ረጅም ስም አላት፣ ማንም ግን አይጠራትም። ሞግዚት የምትናገረው በጆሮ ውስጥ ነው። ድምጿ ለስላሳ፣ አንቱታዋ የማይጓደል ነው። «ቀጣዩ ተማሪ እየጠበቀዎት ነው» ትላለች። ሽንት ቤት ትንሽ ከቆዩ «ሁሉ ደህና ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አንዴ አንድ ተረበኛ ልጅ ቀልድ ተናግሮ ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ፣ ሞግዚት ሳቁ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠብቃ «ይህ ከማን ድርሻ ይቀነስ?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶልያና ያ ልጅ አፉን ገና ሊከፍት ሲል በዓይኗ ታስቆመዋለች።

ድርሻ ማለት እያንዳንዱ ተማሪ በቀን ከመምህሩ የሚደርሰው ጊዜ ነው። በኮምቦልቻ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። መምህሩ ልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ደብተሩን አብሮ እያየ፣ ለእሱ ብቻ የሚያውለው ጊዜ። መምህሩ ልጁን ቶሎ ካስረዳ የተረፈው ለራሱ ይቀመጥለታል፤ እሱ ደግሞ ትራፊ ይባላል። ከትራፊ ሌላ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ሠርግም፣ ሕመምም፣ ለቅሶም ከትራፊ ነው። መውለድ የምትፈልግ መምህርት እንኳ መጀመሪያ ትራፊዋን ታያለች።

ድርሻው ለልጁ መድረሱን የሚያረጋግጠው ልጁ ራሱ ነው። ቀድሞ ክፍል ውስጥ ካሜራ ነበር፤ ወላጆች ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ እየታዩ አይውሉም ብለው ስለተቆጡ ተነሳ። በምትኩ የመውጫው በር እንዲጠይቅ ተደረገ። ልጁ ሲወጣ በሩ «የዛሬ ድርሻህን አግኝተሃል?» ይለዋል። አዎ ካለ ደርሶታል፣ አላገኘሁም ካለ አልደረሰውም፤ ሌላ ምርመራ የለም። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ «የተማሪው ቃል የመጨረሻ ነው» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። ልጅ የሚደመጥበት ዘመን መጣ ተብሎም ብዙ ተጨበጨበ።

ይህን ያወጡት ሰዎች ሁሉን ሲያስቡ የኛን አገር ልጅ አስተዳደግ ግን ረሱት። ደህና አድርገው ያሳደጉት ልጅ መምህሩን ለበር አይከስም። «አልሰጡኝም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። መምህራኑ ይህን ለማወቅ አንድ ወር አልፈጀባቸውም። አሁን ዓመቱ ሲጀመርና ክፍል ሲደለደል፣ በየጥጉ በሹክሹክታ የሚሻሙት ጎበዙን ተማሪ አይደለም፤ ጨዋውን ነው። ቀበጡ ልጅ በሩ ላይ አፉን ሞልቶ ይናገራል፣ ስለዚህ ድርሻውን አሟጦ ይወስዳል። ጨዋው ልጅ ግን ለመምህሩ ትራፊ ነው። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር መምህር የለም፣ የማያውቅም የለም።

ሶልያና ዘንድሮ የደረሳት ጨዋ ዘምዘም ይመር ትባላለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አክስቷ ናት ያሳደገቻት፤ አክስትየዋም ቤት ውስጥ ድምፅ ሲበዛ የማትወድ ሴት ናት። ዘምዘም ስትናገር አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፣ ድምጿም ከአፏ ብዙ አይርቅም። ክፍልፋይ ላይ ተቸግራለች። መስከረም ላይ ሶልያና አጠገቧ እየተቀመጠች፣ አንድ ዳቦ ለሁለት፣ አንድ ዳቦ ለሦስት እያለች ታስረዳት ነበር። ልጅቷ የሚገባት ቀስ ብሎ ነው፤ አንዴ ከገባት ግን ያው ገባት ነው። ሶልያና ይህን በዓይኗ አይታለች። ባታየው ይሻላት ነበር።

ጥቅምት ላይ ከወልድያ ተደወለ። እናቷ መምህርት ቃልኪዳን እዚያ ባለ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ናት፤ አርባ ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አስታማሚዋ እህል ቀንሳለች አለቻት፣ ሰው መለየትም ትታለች፣ ለብቻዋ ክፍል ሰጥተናታል። ለብቻ ክፍል የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ሶልያና አልጠየቀችም። ስለ ትራፊዋ ሞግዚትን ጠየቀቻት። ለደርሶ መልስ ይበቃል፤ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጇን ለመያዝ ግን አይበቃም።

በማግስቱ የዘምዘምን ወንበር አለፈችው። ዛሬ ቸኩያለሁ፣ ነገ እመጣልሻለሁ አለቻት። ዘምዘም ችግር የለም ቲቸር አለች። ሲወጡ ሶልያና ኮሪደሩ ላይ ጆሮዋን ጥላ ቆመች። በሩ ልጅቷን ጠየቃት። ልጅቷ አዎ አለች። ወዲያው ሞግዚት በዚያ ለስላሳ ድምጿ ትራፊ መመዝገቡን ነገረቻት።

በነጋታውም አለፈቻት። ሳምንቱ ሲያልቅ «ነገ» ማለቱንም ተወችው። ዘምዘም መምህሯ በአጠገቧ ስታልፍ እንዳታፍር ብላ ደብተሯ ላይ አጎንብሳ ሥራ የበዛባት መምሰል ጀመረች። አንድ ቀን ሶልያናን አንጀቷን በላትና ወንበር ስባ ልትቀመጥ ስትል፣ ልጅቷ ከፊል ተነስታ «ገብቶኛል ቲቸር፣ አይድከሙ» አለቻት። ደብተሩ ላይ ሦስት አራተኛና አንድ ሁለተኛ ተደምረው አራት ስድስተኛ ሆነዋል። ሶልያና አየችው። አይታም ወንበሩን መለሰች።

ሌሊት ላይ እናቷ ትታያታለች፣ ጠዋት ደግሞ ዘምዘም። እናቴ አንድ ናት፣ ትምህርት ግን ነገም አለ እያለች ራሷን ታባብላለች። ጥር ላይ እናቴን አይቼ ስመለስ እክሳታለሁ ብላም ቃል ገባች፤ ለማን እንደገባች እንጃ።

ጥር ላይ ርእሰ መምህሩ ናሆም አስጠራት። ናሆም የራሷ ተማሪ ነበር፣ ያኔ ገና ተነስተው ሰላም በሚሉበት ጊዜ የተማረ። ብቻቸውን ሲሆኑ እስከ ዛሬ ቲቸር ይላታል። ወንበር ሰጣትና የዘምዘምን ስም አነሳ። ልጅቷ መንፈቁን ሙሉ ድርሻዋ አንድ ቀን እንኳ አልጎደለባትም አለ፤ ውጤቷ ግን ካለበት ፈቅ አላለም፣ እንዲያውም ወርዷል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሥርዓቱ «ጊዜ የማይዝ» ይለዋል። ጊዜ የማይዝ ልጅ ድርሻው ለሚይዘው ይተላለፋል፤ እሱ ወደ ሥራ ይመደባል።

«ሰኞ ይጸድቃል» አለ ናሆም። «የሚጨምሩት ነገር ካለ ልስማዎት ብዬ ነው።»

የሚጨመረውን ነገር ሶልያና ታውቀዋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ግን መምህር ከተማሪ ላይ ጊዜ መውሰዱ ከታወቀ ያጠራቀመው በሙሉ ይሰረዛል። በዚያው ቀን ጠዋት ደግሞ አስታማሚዋ ደውላ፣ የምትመጪ ከሆነ አሁን ነይ ብላታለች።

እስክመለስ ይቆይልኝ አለችው። እናቴን አይቼ ስመጣ ስለ ልጅቷ የምነግርህ ነገር አለኝ አለች።  ናሆም ከሰኞ ማሳለፍ እንደማይችል ነገራት፣ እሷም ከሰኞ በፊት እመለሳለሁ አለችው። ያን ስትል አልዋሸችም። በጥድፊያ የሚወጣ ሰው እንደሚያምነው ሁሉ አምናው ነበር።

ወልድያ ስትደርስ እናቷ አላወቀቻትም። መምህርት ቃልኪዳን አልጋዋ ላይ ቀና ተደርጋ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ ባዶውን ግድግዳ ታያለች። ሶልያና እጇን ያዘችው። ቀሏል። እንዲህ መቅለሉን አይታም አላለቀሰችም፣ ለልቅሶው ገና ጊዜ አለኝ ብላ ነው። ጊዜ አለኝ ማለት ደስ አላት። ስንት ዓመቷ ነው እንዲህ ካለች።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና ስም መጥራት ጀመረች።

ኤፍራታ ደምሴ አለች። ጠራችና ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል ጠበቀች። መልስ የለም። ደግማም አልጠራች፤ ዝም ብላ ጠበቀች፣ ፊቷ ላይ ግን ጭንቀት እየወጣ መጣ። ያኔም እንዲህ ነበረች። ስም ስትጠራ አትቸኩልም፤ ልጁ አቤት እስኪል፣ ካለም በኋላ ፊቱን እስክታየው ድረስ ቀጣዩን አትጠራም። ሶልያና ልጅ ሆና በዚያ ክፍል ተምራለች፤ የእናቷን ቀስታ ታፍርበት ነበር። አሁን የአሮጊቷን ጭንቀት ማየት አልቻለችም።

«አቤት» አለችላት።

የእናቷ ፊት ተፈታ። ያብስራ ሀብቴ አለች። ሶልያና አቤት አለች። ሐያት ሰይድ። አቤት። የአርባ ዓመት ልጆች እየተጠሩ፣ እሷም እየመለሰች፣ ክፍሉ መምሸት ጀመረ። ምን ያህል እንደ መለሰች አታውቀውም፣ አንዱ ላይ ግን አሮጊቷ ፊቷን አዙራ ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ በዚያ በክፍል ድምጿ። «ለሌላ ሰው አቤት አትበይ። የሌለ ልጅ የለም ይባላል። የለም ካላላችሁኝ እንዴት ብዬ ልፈልገው?»

ከዚያ በኋላ ደክሟት ተኛች። ሶልያና ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። እሑድ ከሰዓት እናቷ አሁንም ትተነፍስ ነበር፤ ትታት መውጣት አልሆነላትም፣ ሰኞም ነገ ነው። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ናሆም ጋ ደወለች። የምታጣውን ሁሉ አስባ ጨርሳ ነበር፤ ትራፊዋ ይሰረዛል፣ ምናልባት በዚያው ሌሊት ተመለሺ ትባላለች፣ እናቷ ለብቻዋ ትሞታለች። ይሁን ብላለች። ከጥቅምት ጀምሮ የዘምዘምን ድርሻ የወሰድሁት እኔ ነኝ አለችው። አጠገቧ አልተቀመጥሁም፣ ልጅቷ ጊዜ ትይዛለች፣ የሚሰጣት ነው የጠፋው አለች።

 ናሆም ሲመልስ ድምፁ የድሮ ተማሪዋ ድምፅ ነበር።

«እኔ አምንዎታለሁ ቲቸር። ግን ልጅቷ በየቀኑ አዎ ብላለች። የእርስዎ ቃል የእሷን አይሽረውም፤ ሐዘን ያናገራቸው ነው ተብሎ ይታለፋል። መቀየር የምትችለው ራሷ ብቻ ናት።»

ከጸደቀም በኋላ ልትቀይረው ትችላለች አላት። ምስክር ባለበት ሞግዚት ትጠይቃታለች፣ አላገኘሁም ካለች ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ሶልያና ስለ ትራፊዋ ጠየቀችው። ማንም አይነካብዎትም አለ፣ ልጅቷ አዎ እስካለች ድረስ የእርስዎ ነው። ሁሉን ልታጣ ተዘጋጅታ ነበር፣ ምንም አልተወሰደባትም። ስልኩን ዘግታ ወደ እናቷ አልጋ ተመለሰች።

እናቷ ማክሰኞ ንጋት ላይ ሞተች። ሶልያና እጇን ይዛ ነበር። የቀብሩ ሰው ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ለለቅሶ የሚሆን ትራፊ አልነበረውም፣ ባለበት ሆኖ ሐዘኑን ላከላት። ከመቃብሩ ስትመለስ ሞግዚት «ሐዘንዎን እንካፈላለን» አለቻት። ቀጥላም «ያልተጠቀሙበት ትራፊ አለዎት» አለች።

ኮምቦልቻ እንደገባች ቤቷ አልሄደችም። ዘምዘም የተመደበችው ከከተማው ወጣ ብሎ በቦርከና ወንዝ ዳር ባለ የቲማቲም ማሸጊያ ውስጥ ነበር። ሶልያና ከወልድያ በለበሰችው ጥቁር ልብስ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀች። ተቆጣጣሪዋ ሙሉ ሰውነት ያላት፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ክፉ የማትመስል ሴት ናት። ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከሆነ ትውጣ አለች፣ ምስክር መሆኑንም አልጠላችም።

ዘምዘም ከአዳራሹ ወጥታ መምህሯን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ድሮ ልጆች እንደሚቆሙት። ይህን ማን እንዳስተማራት እንጃ፣ አክስቷ ትሆናለች። እጇ ከቅዝቃዜው የተነሳ ቀልቷል። ጥቁሩን ልብስ አየችና ዓይኗ ተለወጠ።

«አላህ ያጽናዎት ቲቸር። ማን ሞተብዎት?»

እናቴ አለች ሶልያና። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሶልያና ስለ ለቅሶ ልታወራ አልመጣችም፣ ትከሻዋን ያዘችና ጉዳዩን ቶሎ ቶሎ ነገረቻት። ሞግዚት ትጠይቅሻለች፣ አላገኘሁም በይ አለቻት። እውነቱን ነው የምትናገሪው፣ ማንንም አትበድይም። ነገ ጠዋት ወንበርሽ ላይ ትሆኛለሽ፣ እኔም በየቀኑ አጠገብሽ እቀመጣለሁ አለቻት።

ዘምዘም አዳመጠቻት። ከዚያ ቀስ ብላ «እርስዎንስ ምን ያደርጉዎታል?» አለች።

«ምንም» አለች ሶልያና።

ትራፊው ይሰረዛል፣ ከዚያ በኋላ ማስተማር መፍቀዳቸውም እንጃ። ግን ምን ትበላት፤ ልጅ ናት። ምንም አለቻት። ዘምዘም ደግሞ ሰው ምንም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ ልጅ ናት፤ መንፈቁን ሙሉ እሷም ስትለው የከረመችው ዓይነት ቃል ነው። የመምህሯን ጥቁር ልብስ ደግማ አየች።

ሶልያና ሞግዚትን ለሁሉም እንድትሰማ ከፈተቻት። «ተማሪ ዘምዘም ይመር፣ ያለፈው መንፈቅ ድርሻሽን አግኝተሻል?» አለች ሞግዚት፣ ለልጅ አንቱታ ስለሌለ ነው ያላንቱታ። ተቆጣጣሪዋ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«አዎ» አለች ዘምዘም።

«ዘምዘም» አለች ሶልያና። 

«ቲቸር ሁልጊዜ ያስረዱኝ ነበር» አለች ልጅቷ ለተቆጣጣሪዋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ያልገባኝ እኔ ነኝ።»

ሞግዚት ቃሉ መጽናቱን አሳወቀች። ተቆጣጣሪዋ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት አለች፣ ከልቧ ነው ያለችው፣ ሰው በዚህ ዘመን እንዲህ አያሳድግም ብላም አከለችበት። ሶልያና ልጅቷን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ዘምዘም ግን የፈረቃው ፊሽካ ስለተነፋ ቸኩላ ነበር፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻትና፣ ጊዜዎትን አላባክንብዎት ቲቸር ብላ ገባች።

ማሸጊያው የድሃ ድርጅት ነው፣ እንደ ትምህርት ቤቱ የሚያውቅ በር የለውም። ስለዚህ ፈረቃ ሲገባ ስም የሚጠራው ሰው ነው። ሶልያና ከውጭ ቆማ የተቆጣጣሪዋን ድምፅ ሰማችው፤ ስሞቹ አንድ በአንድ ይጠራሉ፣ ልጆቹም ይመልሳሉ። እየጠበቀች መሆኗን ያወቀችው ስሙ ሲጠራ ነው።

«ዘምዘም ይመር!»

«አቤት!»

ድምፁ ጥርት ብሎ፣ አዳራሹን ሞልቶ እስከ መንገዱ ድረስ ወጣ። ሶልያና ልጅቷ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር።